እማ ያልበላችው ድንች

ይድረስ ለእህቴ ለፍሬሰንበት፣ አሁን በምትጠሪበት ስም ለፍርዶስ፤ ኩዌት።

እንደምን ሰነበትሽ እህቴ? ጤናሽስ እንዴት ነው? በክረምቱ የነገርሽኝ የወገብ ሕመም ተሻለሽ ወይ? ባልሽስ ደህና ነው? ሥራውስ? ሙቀቱ ቀንሶላችሁ ይሆናል፤ ታኅሣሥ እዚያ ቀዝቀዝ ይላል ትይ ነበር። እኛ አምላክ ይመስገን አለን። ባለቤቴ ፍቃዱም ልጃችን እሙዬም ደህና ናቸው። እሙዬ ቁመቷ እኔን ሊያልፍ ምንም አልቀረው፤ ብታያት አታውቂያትም። ጋምቤላ ዝናቡ ካቆመ ሰንብቷል፤ ባሮ ጎድሏል፣ አቧራው ተነሥቷል፣ ፀሐዩ የምታውቂው ነው። የእማን ጤና ግን «ደህና ናት» ብዬ በአንድ ቃል አላልፈውም። ይህን ሁሉ ወረቀት የያዝኩት ስለ እሷ ነው።

«እማ ድንቹን በላች ወይ?» እያልሽ በድምፅ መልእክት ደጋግመሽ ጠይቀሽኛል። እኔም ስለላክሽው የኤሌክትሪክ መጥበሻ «ኤር ፍራየሩ በደንብ ይሠራል» እያልኩ መልሼልሻለሁ። ይሠራል ማለት በላች ማለት እንዳልሆነ ሳይገባሽ አልቀረም፤ ግን አላጠበቅሽብኝም፣ እኔም አልጨመርኩልሽም። አሁን ልንገርሽ። አልበላችም። አፏ አልደረሰም። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ አንቺ ስታለቅሺ እኔ ዝም ስለምል ነው፤ ዝም ስል መስመሩ ይቆረጣል፣ ነገሩም ሳይነገር ያድራል። ወረቀት ላይ ግን አታቋርጪኝም። ይህን የምታደርስልሽ ኤልሳ የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ ልጅ ናት፤ ለሥራ ወደዚያው ትመጣለች። አደራ፣ እንደ እህት ተቀበያት። የሚመክራት ሰው ያስፈልጋታል።

ከሰኔ ወዲህ እማ ስምሽን እንደማትጠራ ታውቂያለሽ። ከኩዌት የተመለሰችው የመንደራችን የአቦቦ ልጅ የኒካሕ ፎቶሽን ለመንደሩ ሴቶች ካሳየችበት ቀን ጀምሮ ማለቴ ነው። አንቺ ስትደውዪ ተነሥታ ወደ ጓሮ ትወጣለች። ስለ አንቺ መናገር ግድ ሲሆንባት «ያቺ» ትላለች። ወደ እኔ ቤት መጥታ መኖር የጀመረችው ለሐሞት ጠጠሩ ሕክምና ነበር፤ አሁን ግን ሐኪሙ ቢፈቅድላትም ወደ አቦቦ የምትመለስ አይመስለኝም። ስለዚህ ካርቶንሽ ሲደርስ ከማብሰያነቱ በላይ ነገር ተስፋ አድርጌበት ነበር። ከእጅሽ የመጣ አንድ ጉርሻ ከቀመሰች ስምሽን ለመጥራት ጊዜ አይፈጅባትም ብዬ ነበር ያሰብኩት።

ካርቶኑ የደረሰው ጾመ ነቢያት በገባ ሰሞን ነው። «ፍሬሰንበት ልካልሽ ነው፤ ዘይት ስለተከለከልሽ ያለ ዘይት ድንች የሚጠብስ ነው» አልኳት። ተነሥታ የምትወጣ መስሎኝ ነበር፤ አልወጣችም። ክዳኑን ከፍታ ውስጡን አየች፣ በጣቷ ነካችው። «እሳቱስ ከየት ነው የሚመጣ?» አለች። እሳት የለውም፣ ትኩስ ነፋስ ነው፣ ረመጥ ውስጥ እንደተቀበረ አድርጎ ያበስለዋል አልኳት። «ረመጥ የሌለው ረመጥ» አለችና ፈገግ አለች። ከሰኔ ወዲህ ከአንቺ ጋር በተያያዘ ነገር ፈገግ ስትል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ድንች እንደሆነ ሸጬ የማድርበት እንጀራዬ ነው። ከጎሬ የሚመጣልኝን ከረጢት ዘርግፌ ልጡ የደረቀውን፣ ዓይን ያላወጣውን፣ መጠኑ እኩል የሆነውን መረጥኩ። በዚህ ሙቀት ድንች ቶሎ ይከዳል፤ ውጪው ደህና መስሎ መሀሉ ይጠቁራል። አጥቤ በጨርቅ አደረቅኩት፣ በሹካ ወጋ ወጋ አደረግኩት፣ እርጥበት እንዳለው ጨው ነሰነስኩበትና ሁለት መቶ ዲግሪ ላይ አድርጌ ከፈትኩት። መሀል ላይ መብራት ሄደ። እማ «በቃ ተኮላሸ» አለች። መብራቱ ሲመለስ አገላብጬ ቀጠልኩ። ሲወጣ ልጡ ተጨማዶ ይንኮሻኮሻል፤ በእጄ ስጫነው እንደ ዱቄት ፈረሰ። ሽታው ከቤት አልፎ ደጅ ደረሰ። እማ ለእሙዬ «ሚጥሚጣውን አቀብይኝ» አለቻት። እጇን ታጠበች፤ ልብ በዪልኝ፣ ልትበላ እጇን ታጥባ ተቀመጠች።

ያን ጊዜ ድምፅሽን ብትሰማ መልካም ነው ብዬ ከካርቶኑ ጋር የላክሽውን መልእክት ከፈትኩት። ከረጢት ሳልፈታ ገዝቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን መጀመሪያ እኔ ሳልሰማው አሰማኋት። «እማዬ፣ መንገድ ላይ እንዳይበላሽ ብዬ ራሴ ሞክሬዋለሁ፣ ዶሮ ጠብሼበት እንዴት ያለ ሆኖ እንደወጣ ብታዪ» እያልሽ ትስቂያለሽ። የእማ እጅ ገና ውኃ ያንጠባጥባል። «ዶሮውን ማን ባረከው?» አለች። እጇን በነጠላዋ አደረቀችና «ለልጅቷም እንዳትሰጫት» ብላ ተነሣች። ድንቹ ሳህኑ ላይ ቀዘቀዘ።

ስለ ዶሮው አልወቅስሽም። ሌላ ሰው ቢሆን ሳይሞክር ጠቅልሎ ይልክ ነበር፤ አንቺ ለእናትሽ ስትዪ ፈተሽሽው። ግን ሰፈራ መንደር ያደግሽ ልጅ እንዴት ረሳሽው? የመንደሩ ጎረቤታችን እመት ዙበይዳ ለእኛ ለክርስቲያኖቹ የምትቀቅልበትን ድስት ለብቻው ሚስማር ላይ ሰቅላ ታስቀምጥ አልነበር? እንግዳ ሲመጣ ያን ድስት ታወርጂላት የነበርሽው አንቺ ነሽ። እሷ ሙስሊም ሆና የእኛን ነገር ጠበቀችልን፤ አንቺ ከእኛው ማድ ተነሥተሽ ዘነጋሽው። ሰው ብዙ ነገር ሲተው ትንንሹም አብሮ ይሄዳል መሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ እንዲቀር አልፈለግሁም። ማብሰያውን በአመድና በሎሚ ፈትጌ አጠብኩት። የንስሐ አባታችንን ጠራሁና ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሳቁ። «ብረት አይጾም፣ አይፈስክ። ድንቹስ ምን አደረገ?» አሉና ጸበል ረጩበት፣ ጸሎት አደረሱ። ለእማም ራሳቸው «ከእንግዲህ ንጹሕ ነው፣ ብዪ» አሏት። እሺ አባቴ አለች፣ መስቀል ተሳለመች። እሳቸው ወጥተው በሩ ሲዘጋ ወደ እኔ ዞረች። የዕለቱን ነገር መጻፍ የቆየ ልማዴ ስለሆነ ያለችውን ቃል በቃል ነው የምልክልሽ። «ጸበሉ ብረቱን ያጠራዋል። አንቺም አባም ስለ ብረቱ የምጠይቅ መሰላችሁ? ዙበይዳ ጡቷን ያጠባችሽን ልጅ አሳድጌ ነው እስላም ጠላች የምባለው? ትስለም፣ ታግባ፣ የእሷ ነገር ከፈጣሪዋ ጋር ነው። እኔን ግን በጽዋ ፊት አስዋሸችኝ።»

ይህን እስከዚያ ቀን ለእኔም አልነገረችኝም ነበር። እህቴ፣ የሆነው ይህ ነው። ዓምና በማርያም ማኅበር ላይ አንዷ ሴት «የብርቅ ልጅ ሰልማለች ይባላል» ብላ ስታንሾካሹክ እማ ሰማች። በማግስቱ ወደ አንቺ ደወለችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችሽ። ማተብሽ አንገትሽ ላይ አለ ወይ አለችሽ። አንቺም «አለ እማ፣ ስሙ ለወረቀት ነው፣ ደላላው ያደረገው ነው» አልሻት። በሚቀጥለው ወር ማኅበር ላይ ሴቶቹ በተሰበሰቡበት ተነሣች፣ ጽዋውን በሁለት እጇ ያዘች፣ «የልጄ ማተብ አንገቷ ላይ ነው፤ ውሸት ከሆነ ይህ ጽዋ ይፍረድብኝ» ብላ ማለች። ማንም መሐላ አልጠየቃትም ነበር፤ ያመነችሽን ያህል ነው የማለችው። ፎቶው ሲመጣ ደግሞ ከተጻፈበት ቀን ሰርግሽ ከመሐላው በፊት እንደነበር ሁሉም አየ። አይተውም ምንም አላሏት። «አይዞሽ ብርቅ፣ የዘመኑ ልጅ ነው» ብለው አጽናኗት። ማጽናናታቸው ነው የገደላት። በሐሰት የማለች ሴት ተብላ ሳይሆን እንደ ሞኝ ተቆጥራ ነው ከዚያ ቤት የወጣችው። ከዚያ ወዲህ ማኅበሩን አልረገጠችም። የመኪናው መንገድ ወገቤን ያመኛል ትላለች፤ እኔም አምኛት ነበር።

እንዳትከፋ ብለሽ እንደዋሸሻት አውቃለሁ። አንቺም ይህንኑ ትዪኛለሽ። እንዳትከፋ የተባለው ውሸት ዕዳው ግን በእሷ ላይ ወደቀ፤ አንቺ ኩዌት ነሽ፣ እሷ ከሴቶቹ ጋር በአንድ ምንጭ ስትቀዳ የኖረች ናት።

ጎረቤቴን ኛኪምን ታስታውሻታለሽ፤ ጀዊ የስደተኞች መጠለያ በአስተርጓሚነት የምትሠራዋ ረዥሟ ኑዌር። ያን ሰሞን ከሥራ ስትመለስ የቀዘቀዘውን ድንች ሰጠኋትና ቆማ በላችው። «ይሄ ማሽን ጎበዝ ነው። እማማ እምቢ ካለ እኔ እናትሽ ልሁን፣ በየቀኑ ስጪኝ» ብላ አሳቀችኝ። ነገሩን ስነግራት ግን መሳቋን ተወች። «እኛ ጋ ሰው ሲበድል ላም ይዞ ይመጣል። ራሱ ነው የሚመጣው። ላሙን ብቻ ከላከ ያ ላም አይደለም፣ ስድብ ነው» አለች። ከዚያ ልጡን ሳይቀር ጨርሳ እጇን አራገፈችና ሄደች። አማርኛዋ የተሰባበረ ነው፤ ሐሳቧ ግን ቀጥ ያለ ነው። እስካሁን ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁለትም።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ከሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው። ማብሰያሽን ወደ ሱቅ አወጣሁት። ነጋዴ ነኝ፤ የሚሠራ ዕቃ ተቀምጦ ማየት አልወድም። ጧት ጧት ወደ ጀዊ የሚሄዱት የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች መኪናቸውን የሚጠብቁት እኔ ደጅ ላይ ነው። ትኩሱን ድንች መሀሉን ከፍቼ ጨውና ሚጥሚጣ አድርጌ በወረቀት ጠቅልዬ እሰጣቸዋለሁ። ዘይት የለውም ብለው ይወዱታል፤ ጾመኛውም ጾም ያልያዘውም ይበላዋል። የባጃጅ ልጆች ይመጣሉ። ከኢታንግ መንገድ የመጣ ሾፌርም ጠይቆኝ ያውቃል። የማብሰያው ሞተር ከጧት እስከ ቀትር ሲጮህ ይውላል።

እማ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጣ ሽንኩርት እየለቀመች ትሰማዋለች። አንድ ቀን ከደንበኛ ጋር ወሬ ይዤ ሳለ «አንደኛው ጎኑ እያረረብሽ ነው፣ አገላብጪው» አለችኝ። ከሽታው አውቃው ነው። ከዚያ ወዲህ መብሰሉንና አለመብሰሉን የምትነግረኝ እሷ ናት፤ እኔ ሰዓቱን ማየት ትቻለሁ። አንድ ቀን ደግሞ አንዱን አንሥታ ልጡን ላጠችው። ላጠችና ለእሙዬ አጎረሰቻት፣ ሁለተኛም አጎረሰቻት። ጣቷ ላይ የቀረውን ልትልሰው ነው ብዬ ስጠብቅ በቀሚሷ ጠረገችው። ልጅ ያጎረሰች ሴት ጣቷን ሳትልስ በቀሚሷ ስትጠርግ ያን ቀን ገና አየሁ። እህቴ፣ የጋምቤላ ሰው ሁሉ ከላክሽው ዕቃ በላ፣ ከእናትሽ በቀር።

እሷ የምትበላው ቅቅል ነው። ቅቅል ድንች፣ ቅቅል ካሮት፣ ለመኖር ያህል። ነጠላዋ ከትከሻዋ መንሸራተት ጀምሯል። እኔ አልራራም ብለሽ እንዳታስቢ፤ ግን ሁለታችሁን ሳያችሁ ይመረኛል። አንቺ ይቅርታ እንደመጠየቅ ዕቃ ትልኪያለሽ፣ እሷ እንደመቆጣት ትራባለች፣ እኔ መሀል ቆሜ ድንች አገላብጣለሁ።

ስለ ሃይማኖትሽ አንድም ቃል አልጽፍልሽም። የእኔ ጉዳይ አይደለም፤ እሷም በቃሏ ትታዋለች። የሚፈለገው ሌላ ነው። የማኅበሩ ጽዋ ተራ ለእማ የሚደርሰው በጥር አስተርእዮ ማርያም፣ በሃያ አንድ ነው። እሷ «ለሌላ ይስጡት፣ እኔ ወጥቻለሁ» ብላ ልካባቸው ነበር። እኔ አቦቦ ድረስ ሄጄ የማኅበሩን ሙሴ፣ ሰብሳቢዋን፣ አነጋገርኳት፤ ተራው አይዘለል፣ ድግሱ በወንድማችን በውቤ ቤት ይሆናል፣ ካልመጣች እኔ አስተናግዳለሁ አልኳት። እሺ አለችኝ። ዘንድሮ ተራዋ ካለፈ ከማኅበሩ ወጣች ማለት ነው። ከልጅነቷ የያዘችው ማኅበር ነው፤ ለሰፈራ ከወሎ ሲጫኑ ከምድጃዋ ሌላ ይዛው የመጣችው ነገር እሱ ብቻ ነው።

በዚያ ቀን ደውዪ። ኔትወርክ የሚይዘው ውቤ በረንዳ ላይ ስለሆነ ስልኩን ይዤ እዚያ እቀመጣለሁ። ጸሎት ደርሶ ሴቶቹ ከበሉ በኋላ፣ በእኛ ሰባት ሰዓት ገደማ ይሁን። ድምፁን ከፍ አድርጌ መሀላቸው አኖረዋለሁ። የምትዪው አጭር ነው። «እናቴ አልዋሸችም። ጠይቃኝ የዋሸኋት እኔ ነኝ። የማለችው እኔን አምና ነው።» ይኸው ነው። ስለ ባልሽ፣ ስለ ኑሮሽ፣ ስለ ደላላው አትጨምሪ። አታልቅሺ፤ ካለቀስሽ እነሱም አብረው ያለቅሳሉ፣ ነገሩ ለቅሶ ሆኖ ይቀራል፣ የእሷ መሐላ እንደቆሸሸ ይኖራል። ሙስሊም ሆነሽ ልትናገሪው ትችያለሽ። እንዲያውም እንደዚያ ሆነሽ ብትናገሪው እውነትነቱ ይበልጣል።

ብትደውዪ ትምርሻለች አልልሽም። ያላየሁትን ዕቃ ዋጋ አልናገርም። ከእኔ ጋር አቦቦ ትሄድ እንደሆነም አላውቅም፤ ምናልባት ድምፅሽን የሚሰሙት ሴቶቹ ብቻ ይሆናሉ። ለእኔ እሱም ይበቃል። ቢያንስ ሴቶቹ አይዞሽ ማለታቸውን ያቆማሉ። ካልደወልሽ ግን ለማንም አልናገርም። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ዕቃ አጥባለሁ፣ ወደ ሱቄ እመለሳለሁ። ከዚያ ወዲያ ስለ እማ ጤና ስትጠይቂኝ ደህና ናት እልሻለሁ፤ አንቺም ደህና ናት የሚለውን ይዘሽ ትኖሪያለሽ። እስከዚያው ሌላ ዕቃ አትላኪ። እልካለሁ ያልሽውን ብርድ ልብስም ሽቶም ተዪው።

ፍቃዱ ሰላም ብሎሻል፤ ወገብሽን እንዳታስጨንቂ፣ ከባድ ነገር እንዳታነሺ ብሏል። እሙዬ አክስቴ ትምጣ ትላለች፣ ጽሕፈቷን እንድታዪላት ብላ ስሟን ከጀርባው ጽፋለች። ኛኪም ሰላምታዋን ልካለች፤ ማሽኑን ራሷ እንዳገኘችው ነው የምትኮራበት። ውቤንም አቦቦ ሄጄ አግኝቼዋለሁ፣ ሰላም በያት ብሏል፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን አልጻፍኩትም። የእመት ዙበይዳ ልጆች ሁሉም ደህና ናቸው፣ እሷም ዓይኗ ደከመ እንጂ አለች፣ ዱዓ አድርጋልሻለች። ለባልሽ ከእኔ ከደመቀች ሰላም በይልኝ፤ በእሱ ላይ ምንም የለኝም።

ይህን ስጽፍ እማ አጠገቤ ነበረች። ለማን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። «ጻፊላት» አለች። ሰላም በያት ግን አላለችም። አንዱን እንደሌላው አድርገሽ እንዳትወስጂው ብዬ ነው ለይቼ የጻፍኩልሽ።

እህትሽ ደመቀች
ጋምቤላ፣ ታኅሣሥ ፲፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.